አሥራ ዘጠኝ ቀን ለሎኮ ያልነገርኳት

ይህን የምጽፈው ሐኪም ለመክሰስ አይደለም። ለመክሰስ ብነሣ ከራሴ መጀመር አለብኝ፤ እሱም ቦታው ሲደርስ ይመጣል። የምጽፈው ዕድሜያቸው ከስድሳ ላለፈ ሰዎችና እነሱን ለሚጦሩ ልጆች ነው። ሕመም ይዟችሁ “የእርጅና ነው” ተብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ እኔም ተብዬ ነበርና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ስሜ ታየች ነው። ነገሌ ተወልጄ ነገሌ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አባቴ ከመንዝ የመጣ ወታደር ስለነበር ልጅነቴን ካምፕ አካባቢ አሳለፍኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ከተማው ዛሬም “ቲቸር” ይለኛል። ባለቤቴ በሞያሌ መንገድ ሲመላለስ የኖረ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። አንዲቷ ልጄ ሰናይት ሻኪሶ ነው የምትኖረው፤ ከባሏ ጋር ሱቅ አላቸው። ሰው ሲጠይቀኝ ብቻዬን ነው የምኖረው እላለሁ፤ ግን ልክ አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ ሎኮ ነበረች።

አደ ሎኮ፣ እማማ ሎኮ እንደ ማለት ነው፣ በአምስት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ስድስት ፍየልና አንዲት ላም አላት። ልጇ ጉዮ ሊበን ገጠር ከሚስቱ ጋር ከብት ያረባል፤ መጥታ አብራው እንድትኖር ሲለምናት “ቲቸርን ለማን ጥዬ?” ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት ፍየሎቿን አልባ በጮጮ፣ በዚያ ከቃጫ በተሠራው የወተት ዕቃ፣ ድርሻዬን ይዛልኝ ትመጣለች። በአጥሩ ክፍተት ጎንበስ ብላ ስትገባ፣

“አካም ቡልቴ፣ ጃርቲ?” ትለኛለች። እንዴት አደርሽ አሮጊት ማለቷ ነው።

“ናጋ፣ ሰላም ነው። ጃርቲስ አንቺ ነሽ” እላታለሁ።

ወተቱን እዚያው ፊቷ እጠጣና ዕቃውን እመልስላታለሁ። ትኩስ ነው፤ ላዩ ላይ ገና አረፋ አለው። ይፈላ ብዬ አስቤ አላውቅም። በስጦታ የመጣ ወተት እሳት ላይ መጣድ ሰጪውን “አላመንኩሽም” ማለት ነው፤ በእኛ አገር ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር፣ ሐጋያ የምንለው የመጸው ዝናብ ሊያባራ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ብርድ ብርድ አለኝ። ጋቢ ደርቤ ተኛሁ። ማታውን ላብ አጥምቆኝ አደረ፤ ጠዋት አንሶላው ተጨምቆ የሚወጣ ውኃ ነበረው። በማግስቱ ደህና ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ እንደገና መጣ። እንዲህ እየሄደ እየመጣ ሳምንት ቆየና ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ።

ደም ተወሰደ፤ “ታይፎይድና ታይፈስ” ተባልኩ። በእኛ ከተማ ትኩሳት ይዞት ሄዶ ይህን ሳይባል የተመለሰ ሰው አላውቅም። ኪኒን ተሰጠኝ፤ ዋጥኩ፤ እውነትም ተሻለኝ። ለሎኮ “ዳንኩ” ብዬ ነገርኳት። አሥር ቀን ሳይሞላ ተመለሰብኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ወባ ነው ብለው ሌላ መድኃኒት ሰጡኝ። ቀጥሎ ጉልበቴን፣ ከዚያ ትከሻዬን፣ በመጨረሻ ወገቤን ያዘኝ። ሦስተኛው ቦታ ቁርጥማት ነው ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። መርፌው ለሦስት ቀን እንደ ወጣት አስኬደኝ፤ በአራተኛው ቀን ከአልጋዬ ለመነሣት ግድግዳ መቧጠጥ ጀመርኩ።

ሎኮም በዚያው ሰሞን አጥንቷን ያማት ነበር። ሁለታችንም በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን የታመመውን ቦታ እየቆጠርን እንሳሳቃለን። “አንቺ ሐኪም ቤት ሄደሽ ምን አገኘሽ?” ትለኛለች። “እኔ እዚሁ ፍየሎቼ ጋር ሆኜ ያገኘሁትን ነው ያገኘሽው።” ከዓመታት በፊት እግሯን አሟት ስትሄድ አንድ ባለሙያ “አርጅተሻል እኮ እናቴ” ብሎ መልሷታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አልገባችም።

ከጥምቀት በኋላ ከአካባቢያችን ወጣ ባለ ከተማ ወዳለ ሕክምና ቦታ ሄድኩ። የተራ መጠበቂያውን አግዳሚ አልረሳውም። ካርድ ያወጣሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የተጠራሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ወገቤ መቀመጥ ስላልቻለ እቆማለሁ፤ ጉልበቴ መቆም ሲያቅተው እቀመጣለሁ። አጠገቤ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አንጥፈው ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ትናንትም እዚያው ነበሩ። በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፤ “አባቴ ከእኔ ይበልጥ አርጅቶ ግመል ይጠብቅ ነበር። የእኔ እርጅና ምን ዓይነት ነው?” አንዲት ነፍሰ ጡር ቦታዋን ለቅቃ፣ አግዳሚው ላይ ረዘም ብዬ በጎኔ እንድጋደም አደረገችኝና እሷ ቆመች። እግዚአብሔር ይስጣት፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

በገባሁበት ክፍል ያለው ወጣት ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም።

“እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?”

“ሰባ አንድ።”

“ታዲያ!” አለና ፈገግ አለ። “ዕድሜ ነዋ። መኪናም እኮ ሲያረጅ ይንኳኳል።”

“ትኩሳትስ? ላቡስ?”

“እሱም ይኖራል።” የሕመም ማስታገሻ ጻፈልኝ። ጀርባዬን አልነካውም። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ከበሩ ውጭ ስንት ሰው እንደተሰለፈ እኔም አይቻለሁ። ግን ከዚያ ክፍል ስወጣ አንድ ነገር ከውስጤ ተነቅሎ ወጣ። እስከዚያ ቀን ታማሚ ነበርኩ፤ ታማሚ ሰው ሊድን ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊት ሆንኩ።

ቤቴ ገብቼ ምግብ አቆምኩ። መተው ፈልጌ አልነበረም፤ እንጀራው አፌ ውስጥ እንደ ጨርቅ ሆነብኝ። ሰው ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ስም ይጠፋብኝ ጀመር። ሎኮ ብቻ ጠዋት ጠዋት ጮጮዋን አፌ ላይ ይዛ “ዋጪ፣ ለሞት ራሱ አቅም ያስፈልጋል” እያለች በግድ ታጠጣኝ ነበር። ለሰናይት የደወለችላት እሷ ናት።

ሰናይት መጥታ ስታየኝ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቀሚሴ እላዬ ላይ ገመድ ላይ የተሰጣ ይመስል ነበር። በማግስቱ ሻኪሶ ወሰደችኝ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን አንድ ቀን ሙሉ ተጉዘን ትልቅ ከተማ ገባን። የጀርባ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቼ ጫፋቸው እንደተበላ አሳየን። የአጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ መጥፎ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ከአጥንቱ ተቆርጦ ይመርመር አለን። “ሌላ መጥፎ ነገር” ሲል ሰናይትን ነው ያየው። እኔ ግን ሰማሁ። አዲስ አበባ አልሄድም አልኩ።

ሻኪሶ ልጄ ቤት አምስት ሳምንት ተኛሁ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መናገር አልወድም። በስስ ግድግዳ ማዶ ሰናይትና ባሏ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ እሰማለሁ። ባሏ ደህና ሰው ነው፤ “እስከ መቼ?” ያለው እሱ አልነበረም፣ ልጄ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሽንት ቤት መድረስ አቅቶኝ አልጋዬ ላይ ተበላሸሁ። ሰናይት ውኃ አሙቃ ስታጥበኝ ብድግ እንድል ጠየቀችኝ፤ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ።

“ተነሺ እማዬ! አልችልም ብለሽ ስለወሰንሽ ነው እንጂ ትችያለሽ!” ብላ ጮኸችብኝ።

ጨርቁን ጣለችና እዚያው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። “ሁሉም ምንም የለም እያሉ አንቺ ደግሞ ትሞቻለሽ” አለች። “ማንን ልመን?” ልጄ ነች፤ እጄን ዘርግቼ ፀጉሯን ልዳብስ ብሞክር አልደረስኩባትም።

ያን ቀን ቤቴ መልሺኝ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ሁለታችንም አውቀነዋል። ነገሌ ስንደርስ ሎኮ አጥሩን ተደግፋ ትጠብቀኝ ነበር። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏት በባዶ እግሯ ነበረች። “አመጣሻት?” አለቻት ሰናይትን። “በይ እንግዲህ አንቺ ሂጂ፣ ሱቅሽን ጠብቂ። እኔ አለሁ።” ሰናይት ግን አልሄደችም።

በዚያ ዓመት ክልሉ ለአረጋውያን የሚሆን የጤና ሥራ እንደጀመረ በሬዲዮ ሲነገር ሰምቼ ነበር። ብዙ ነገር በሬዲዮ ይጀመራልና ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ወደ እኛ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው፦ ከጤና ጣቢያዎቹ በአንዱ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ፣ አንድ ክፍል ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ብቻ እንዲከፈት ተደረገ። ከአልጋ መነሣት ላልቻሉት ደግሞ አንዲት ነርስ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት እንድትዞር ተመደበች። አንድ ክፍልና አንዲት ነርስ። ያው ነው።

ነርሷ፣ ሲስተር ጡሜ፣ የያቤሎ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ድምፀ ዝቅተኛ። ቤቴ ስትመጣ ወንበር ስንሰጣት እምቢ ብላ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዬን የጠየቀችኝ በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣

“ቲቸር፣ ትኩሳቱ በየትኛው ሰዓት ነው የሚመጣው?” ብላ ነው።

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኳት። ሰናይት ልብሴን እንድታወልቅልኝ አደረገችና አከርካሪዬን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቷ እየተጫነች ወረደች። ወገቤ ጋ ስትደርስ ጮህኩ። የተሰጠኝን መድኃኒት ሁሉ አንድ በአንድ ጻፈች። ከዚያ፣

“ምን ይጠጣሉ?” አለች።

“ምን እጠጣለሁ? ውኃ፣ ሻይ። ወተት።”

“ወተቱን ያፈሉታል?”

“የሎኮን ወተት?” አልኩ፤ ሳላውቀው ድምፄ ተቆጣ። “ይህን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ይፈላል እንዴ?”

አላፈረችም። “አውቃለሁ፤ እናቴም አታፈላም። የአደ ሎኮ ፍየሎች ያስወርዳሉ?”

ከሐጋያው ዝናብ በፊት ሎኮ ሁለት ፍየሎች ጽንስ ጥለውባት እንግዴ ልጁን በእጇ ስታወጣ ውላ፣ “ዘንድሮ ምን ነካቸው” እያለች መጥታ በረንዳዬ ላይ ታጥባ ነበር። የታጠበችው በእኔ ማስታጠቢያ ነው። ይህን ስነግራት ጡሜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በሽታው ብሩሴሎሲስ ይባላል አለችኝ። ከሚያስወርዱ ከብቶችና ፍየሎች የሚመጣ ነው፤ ባልፈላ ወተት ይገባል፣ ሲወልዱ ወይም ሲያስወርዱ በሚነካቸው ሰው እጅም ይገባል። እንደ ታይፎይድ፣ እንደ ወባ፣ እንደ ቁርጥማት ሆኖ ያታልላል። ቆይቶ አጥንት ይይዛል። መድኃኒት አለው። “ግን እርግጠኛ ለመሆን ደምዎ ሩቅ ሄዶ መመርመር አለበት፤ እዚህ መመርመሪያው የለም። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ያልፈላ ወተት አይንኩ።” ተነሥታ ወደ አጥሩ አየች። “ጎረቤትዎንም ዛሬውኑ ላነጋግራቸው።”

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት።

“ተይው፣ እኔ እነግራታለሁ” አልኳት። “ከእንግዳ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው።”

ጡሜ ቦርሳዋን አነሣች። “ቶሎ ይንገሯት” አለችና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።

አልነገርኳትም። በማግስቱ ጠዋት ሎኮ በዚያ ባበጠ እግሯ እየጎተተች ወተቴን ይዛ ስትመጣ ዓይኔን ጮጮው ላይ ተከልኩ። ምን ልበላት? ያሳመመኝ የአንቺ እጅ ነው ልበላት? ወር ሙሉ በግድ ያጠጣሽኝ መርዝ ነው ልበላት? “መድኃኒት ውጬ ነውና ቆይቼ ልጠጣ” አልኳት። ዕቃውን ተቀበልኩ። ስትሄድ ሰናይት ወስዳ ከሽንት ቤቱ ኋላ ደፋችው። ውጤቱ ይምጣና እነግራታለሁ፣ ምናልባት ላይሆን ይችላል፣ ላልተረጋገጠ ነገር ለምን ሰው አሳዝናለሁ እያልኩ ራሴን እመክር ነበር። ሰናይት በሦስተኛው ቀን “እማዬ፣ እሷስ እየጠጣችው አይደል?” አለችኝ። “አንቺ አታውቂም፣ ዝም በይ” አልኳት። እኔ የምሳሳው ለሎኮ ክብር ነው ብዬ አምኜ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሳሳሁት ለራሴ ነው። ያቺን የጠዋት ሰላምታ እንዳላጣ ፈራሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረግሁ። ሎኮ በእነዚያ ቀናት አጥሩ ጋ ለመድረስ የሚወስድባት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። መሀል ላይ ቆማ ትተነፍሳለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጮጮውን በአጥሩ ክፍተት አስቀምጣ ትጠራን ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጡሜ ውጤቱን ይዛ መጣች። እንደጠረጠረችው ነበር። ሁለት ዓይነት ኪኒን ሰጠችኝ፤ አንደኛው ሽንትን ቀይ ስለሚያደርግ እንዳልደነግጥ፣ ለአራት ወር አንድም ቀን እንዳላቋርጥ አስረዳችኝ። ሰናይት አለቀሰች። እኔም ልደሰት ስል፣

“አደ ሎኮስ ምን አሉ?” አለችኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳ ሳዞር ገባት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በአጥሩ ክፍተት ጎንበስ ብላ ሄደች።

ሎኮን ያገኘቻት በሯ ላይ ተቀምጣ ነው። መተኛት ካቆመች ሳምንቷ ነበር፤ ጋደም ስትል ትንፋሿ ይቆማል። ጡሜ የልብ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ያን ቀን ሆስፒታል አስገባቻት። በሽታው የልቧን በር፣ ደም የሚያሳልፈውን ክፍል፣ ይዞታል ተባለ። መድኃኒት ተጀመረላት። ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ነበረባት፤ መንገዱን እንደማትችለው ግን ሐኪሞቹም ጉዮም አዩት።

በሦስተኛው ቀን በባጃጅ ወስደውኝ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ትራስ ተደራርቦላት ቁጭ ብላ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ጡሜ የነገረችኝን፣ የነገረችኝን ቀን፣ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ያደረግሁትን። ሳልጨርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስክሄድ ድረስ ዞር አላለችም።

በማግስቱም ሄድኩ። ሰላምታ አልሰጠችኝም። ትራሷን አስተካክዬላት ስጨርስ፣

“ወተቴን የት ነበር የምትደፊው?” አለች።

“ከሽንት ቤቱ ኋላ።”

“ለሰው አልሰጠሽም?”

“አልሰጠሁም።”

“እሱስ ደግ አደረግሽ።” ትንፋሿን ሰበሰበች። “ታየች፣ እኔ ብሆን በዚያው ቀን ነበር የምነግርሽ።”

“አውቃለሁ” አልኳት።

“እወቂው” አለች።

ከዚያ በኋላም በየቀኑ ሄድኩ። ውኃ አጠጣኋት፣ እግሯን አሸሁላት። ስለዚያ ነገር አላነሣችም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝም። ሆስፒታል በገባች በዘጠነኛው ቀን ማለዳ አረፈች። ጡሜን አሥራ ዘጠኙ ቀን ባይባክን ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። “አላውቅም፣ ቲቸር” አለችኝ። ደጋግሜ ጠየቅኳት፤ ደጋግማ አላውቅም አለችኝ። እውነቷን ነው። ይህን አለማወቅ ይዤ እኖራለሁ።

የተቀበረችው ሊበን፣ ጉዮ መንደር ነው። ከሰናይት ጋር በጭነት መኪና ጋቢና ሄድን። ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር፣ ሴቶች ከቤቱ ጎን። ከሩቅ ለመጣ ሰው እንደ ልማዱ ኢቲቱ፣ ሳይፈላ የረጋውን ወተት፣ ማዞር ጀመሩ። የጉዮ ሚስት ዳሚ የመጨረሻ ልጇን አዝላ ጽዋውን ለአሮጊቶቹ ታድላለች። የሎኮ ፍየሎች ከጉዮ መንጋ ጋር ተቀላቅለው ከአጥሩ ውጭ ይታያሉ።

ዳሚ ወደ እኔ ስትመጣ ሰናይት ክንዴን ያዘችኝ። ጽዋውን ተቀብዬ መሬት ላይ ባስቀምጠው ማንም አያይም ነበር። በትሬንና የሰናይትን ትከሻ ተደግፌ ተነሣሁ። ስነሣ ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሙሾ ላወርድ መስሏቸዋል።

በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት፤ ማንም “አልገባኝም” እንዳይል። “ይህን ወተት አትጠጡ” አልኩ። “ሎኮን የገደላት በወተቱ የሚመጣ በሽታ ነው። እኔም የታመምኩት በእሱ ነው። ካልፈላ ሕፃናቱንም፣ ያረገዙትንም ይይዛል። አውቄ ለሎኮ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሳልነግራት ቆየሁ። ለእናንተ አንድ ቀን አላቆይም።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ “በሬሳ ላይ የሟችን ወተት ትሰድቢያለሽ?” አሉኝ። አንዲት ሴት ተነሥታ ሄደች። ጉዮ ከዛፉ ሥር መጣ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። “አሥራ ዘጠኝ ቀን?” አለኝ በአማርኛ፣ ሌላው እንዳይሰማ ይመስል። “አዎ” አልኩት። ከዚያ ሚስቱን “ድፊው” አላትና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። መመለሻ መኪና እስኪገኝ ድረስ እኔና ሰናይት ብቻችንን ተቀመጥን።

እኔ ዳንኩ። በሁለተኛው ወር ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋዬ ወረድኩ። አራተኛው ወር ሲያልቅ ትኩሳቱም ላቡም ጠፍቶ፣ ምግብም ጣዕም አግኝቶ ነበር። ወገቤ ጎብጦ ቀርቷል፤ ያለ በትር አልሄድም። ሰናይት ወደ ሻኪሶ ተመልሳለች፤ በየእሁዱ ትደውላለች፤ ስለዚያ ሲሚንቶ ወለል ተነጋግረን አናውቅም፣ ግን ሁለታችንም ድምፃችን ለስልሷል።

ስለ ረቡዑ ክፍል ሁሉ ነገር ተሟልቷል ብዬ አልዋሽም። ጡሜ ዛሬም ብቻዋን ናት። ለሌላ ዘመቻ ስትጠራ በሩ ተቆልፎ፣ ከሩቅ በእግር የመጡ ሽማግሌዎች ደጃፉን አይተው ይመለሳሉ። ደም አሁንም ሩቅ ተልኮ ነው የሚመረመረው። ቢሆንም ክፍት በሆነ ረቡዕ እሄዳለሁ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ጋር እጫወትና ጡሜ የምትጠይቀውን ቀድሜ እጠይቃቸዋለሁ፤ ትኩሳቱ በየትኛው ሰዓት ይመጣል፣ ምን ትጠጣላችሁ፣ ከብቶቻችሁ አስወርደዋል ወይ። ዕድሜ ማለት መልስ አይደለም፣ ሐኪሙ ጀርባችሁን ሳይነካ እንዳትወጡ እላቸዋለሁ። ጎረቤቱን የሚጎዳ ነገር የሚያውቅ ካለ ዛሬውኑ ሄዶ እንዲነግር እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ሲጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ።

ጉዮ እስካሁን ሰላም አይለኝም። ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ አልፈርድበትም።

ከለቅሶው በኋላ ባለው ሦስተኛው ወር ይሆናል፣ በአንዱ ረቡዕ፣ ዳሚ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያው ግቢ ገባች። ብቻዋን ነበረች፤ ከሊበን በጭነት መኪና ነው የመጣችው፤ ፊቷ ከስቷል። አየችኝ። ምንም ሳትለኝ ከአግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠች። እኔም አልጠጋኋትም። ብዙ ከቆየን በኋላ ጡሜ፣ ስድሳ ያልሞላውንም ሰው የወተቱን በሽታ ከጠረጠረችበት ታያለችና፣ በሩን ከፍታ ስሟን ጠራች። ዳሚ ተነሣች፤ ልጁን ከጀርባዋ አወረደችና ዙሪያዋን ለማን ልስጠው እንደሚል ሰው ተመለከተች። ከዚያ በአግዳሚው ዳር እስከ እኔ ድረስ መጣች፣ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና ገባች።